አራተኛው ካንዴሊቲ

ከኮልፌ አስራ ስምንት ማዞሪያ ከፍ ብሎ ባለው ሰፈራችን ገረሱን የማያውቅ የለም፤ ቢያንስ ድምፁን ያውቀዋል። ክረምት ከበጋ በማለዳ በሩን ከፍቶ «እስኪ ግፉልኝ!» ሲል ሰምቶ ከአልጋው ያልወረደ ወንድ ያለ አይመስለኝም። ዕድሜውን በሙሉ የመንግሥት መኪና ሲነዳ ኖሮ፣ ጡረታ ሲወጣ አንዲት ያረጀች ናፍጣ ፒክአፕ ገዛ። ከሞቀች በኋላ ደህና ናት። አድራ ስትነሳ ግን ብርድ ይይዛታል፤ ሞተሩን ከመነሳቱ በፊት የሚያሞቁት ካንዴሊቲዎች ተቃጥለዋል። ስለዚህ ተሰብስበን እስከ ቁልቁለቱ አፍ እንገፋታለን፤ እሷም ጥቁር ጭሷን ፊታችን ላይ ለቃ ትሄዳለች።

እኛ አልከፋንም። እንዲያውም ጠዋት ጠዋት ለመተያየት ምክንያት ሆናን ነበር። የከፋው እሱን ነው። አንድ ቀን ከገረሱ ጋር አጥር የሚጋራው በያጁ ኢብራር፣ እየገፋ «ጋሼ ገረሱኮ መኪና አይነዱም፤ የሚነዱት ሰፈሩን ነው!» አለ። ሁላችንም ሳቅን። ጥሩ ቀልድ ነበር፤ ዛሬም ብሰማው እስቃለሁ። ገረሱ ግን ፍሬን ያዘ፣ ወረደና በሩን ጓ አድርጎ ዘጋው።

«ከዛሬ ጀምሮ እጁን መኪናዬ ላይ የሚያሳርፍ ሰው ከኔ ጋር አይተዋወቅም! ሚካኤል ምስክሬ ነው!»

የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም። ኢብራር ይቅርታ ሊጠይቅ ደጋግሞ ሄደ፤ ገረሱ አልከፈተለትም። መኪናዋም ግቢ ውስጥ ቆማ ቀረች።

በዚህ መሐል የሚስቱ የዋጋነሽ እናት፣ ከጊንጪ ወዲያ ገጠር የሚኖሩት እማማ ጫልቱ፣ በጠና መታመማቸው ተሰማ። እህል አልወርድ ብሏቸዋል፤ መቀመጥም ስለማይችሉ በአውቶቡስ የሚመጡ አይደሉም። የኮንትራት መኪና ያለው ሁሉ ደግሞ የክረምቱን የጭቃ መንገድ ሲሰማ ይሸሻል። ፒክአፗ ግን ያን መንገድ ለምዳዋለች፤ ከኋላ ፍራሽ ተነጥፎ፣ ሸራ ተወጥሮ ሊተኙባት ይችላሉ። ዋጋነሽ ባሏን «እናቴን አምጣልኝ» ብላ ለመነችው። «ቅዳሜ ጎህ ሲቀድ እንወጣለን» አላት። እሷም አንሶላ አጠበች፣ ለእናቷ የሚሆን ክፍል አሰናዳች።

ጎህ ሲቀድ ለመውጣት ግን መኪናዋ በብርድ መነሳት አለባት። በሩን ከፍቶ «ግፉልኝ» ቢል ኖሮ ነገሩ ሁሉ ያልቅ ነበር። ኩራቱ እራቱ የሆነ ሰው ግን እንዲህ አይልም። ሶማሌ ተራ ሄዶ አራት አዲስ ካንዴሊቲ ገዝቶ መጣና ዓርብ ከሰዓት የሞተሩን ክዳን ከፈተ።

እኔ የተሰነጠቀ በሬን ላስበይድ ኢብራር ጋ ነበርኩ። የመፍቻውን ድምፅ ሲሰማ ኢብራር ሥራውን ትቶ በአጥሩ ላይ ብቅ አለ።

«ጋሼ፣ በብርዱ አይፍቱት። ያረጀ ካንዴሊቲ ነክሶ ይይዛል። መጀመሪያ ሞተሩ ይሙቅ።»

«በምን ላሙቀው? ጋቢ ላልብሰው?»

«እኛ እንግፋልዎትና ትነሳ። ሰፈሩን አንዴ ዞረው ሲመለሱ በቀላሉ ይፈታል።»

ገረሱ ቀና ብሎ እንኳ አላየውም። ዋጋነሽ ከማድ ቤቱ በር ላይ ሆና «ገረሱ፣ ስለ እናቴ ብለህ» አለችው።

«ዝም በይ! የማንም መሳቂያ አልሆንም።»

እልህ ምላጭ ያስውጣል ይባላል፤ እኔ ሲዋጥ አይቻለሁ። የመጀመሪያው ካንዴሊቲ እየተንቋቋ ወጣ። ሁለተኛውም ወጣ። ሦስተኛው ሲወጣ ገረሱ ወደ አጥሩ ዞር ብሎ አየን፤ ፈገግ ብሎ ነበር። አራተኛው አልነቃነቅ አለ። መፍቻው ጫፍ ላይ የብረት ቱቦ ሰክቶ ባለ በሌለ ጉልበቱ ተጫነው። ቀጭ አለ። ግማሹ መፍቻው ውስጥ፣ ግማሹ ሞተሩ ውስጥ ቀረ።

«ጋሼ፣ እንዳለ ይተዉት!» ብሎ ኢብራር ጮኸ። «ሦስቱን አዲስ ካሰሩ ትነሳለች። የቀረውን ስትመለሱ እናወጣዋለን።»

እውነቱን ነበር። ያን ጊዜ እንኳ ነገሩ አልተበላሸም። ካፈርኩ አይመልሰኝ ሆነና ግን ገረሱ መሰርሰሪያ አምጥቶ ስባሪውን ይሰረስር ጀመር። ስባሪው ተፈረካክሶ ወደ ሞተሩ ሆድ ወደቀ። ከዚያ በኋላ ማስነሳት ማለት ሞተሩን መግደል ነው። ቴስታታ የሚሉት የሞተሩ ራስ መውረድ አለበት፤ እሱ ደግሞ በአንድ ሌሊት የሚያልቅ ሥራ አይደለም።

ዋጋነሽ በማግስቱ ነጠላዋን ተከናንባ ብቻዋን አስኮ ሄዳ አውቶቡስ ተሳፈረች። ኢብራር ቀኑን ሙሉ መኪና ሲለምን ውሎ ሰኞ ሊሄድ የሚስማማ አንድ ሾፌር አገኘ። እማማ ጫልቱ ግን ሰኞን አልደረሱም። እሁድ ከሰዓት የመንደሩ ሰዎች በቃሬዛ ተሸክመው ወደ አስፋልቱ ሊያወጧቸው ሲታገሉ፣ ጭቃው መሐል፣ ልጃቸው እጃቸውን እንደያዘች አረፉ።

ዋጋነሽ ቀብራ ስትመለስ ለቅሶ ተቀመጥን። መኪናዋ ሆድ ዕቃዋ ተዘርግፎ ግቢውን ይዛለች። የተማለባት ናትና ማንም ሊነካት ስላልፈለገ የእድሩ ድንኳን መንገድ ላይ ተተከለ። ሰዉ ሁሉ መጣ፤ ገረሱ ያኮረፋቸውም መጡ። ኢብራር ወንበር ሲደረድር አረፈደ። ገረሱ ድንኳኑ አፍ ላይ ቆሞ የሚያጽናናውን ሁሉ «ምን ይደረግ፣ የእግዚአብሔር ፈቃድ ነው» እያለ ይመልሳል። ለአንዱም አለ፣ ለሌላውም አለ። እኔ አንገቴን ደፋሁ።

ዋጋነሽ ከሴቶቹ መሐል ቀና አለች።

«እግዚአብሔርን ተወው፣ ገረሱ» አለችው። «እሱማ እስከ እሁድ ጠብቆህ ነበር።»

ቀጥሎ የመጣው ሰው «እግዜር ያጽናህ» ሲለው ገረሱ እጁን ብቻ ጨበጠው።