የወይዘሮ ይማርሽ ኮሪደር

ወይዘሮ ይማርሽ ላሊበላ ላይ ባለ ስድስት ክፍል የእንግዳ ማረፊያ አላቸው። እኔ ጎረቤታቸው ነኝ። ስለ ክፍሎቹ ብዙ የሚወራ የለም፤ ነገሩ ያለው ኮሪደሩ ላይ ነው።

ለገና ከብልባላና ከፍላቂት በእግራቸው የሚመጡ ተሳላሚዎች ኮሪደሩ ላይ በነፃ ያድራሉ። ማንም አይመዘግባቸውም። ወይዘሮ ይማርሽ ሰሌን ያነጥፋሉ፣ ውኃ አሙቀው እግራቸውን ያጥባሉ። አባ ደሳለ የሚባሉ የብልባላ ሽማግሌ በየዓመቱ ከበሩ አጠገብ ያለችውን ጥግ ይይዛሉ፤ ጎህ ሲቀድ ዳዊት ይደግማሉ፣ ድምፃቸውም ቀላል አይደለም።

ከጦርነቱ በኋላ እንግዳ ጠፍቶ ክፍሎቹ አቧራ ሲለብሱ፣ ልጃቸው ንጋት ማረፊያውን ክፍል የሚያስይዝ ድረ ገጽ ላይ አስገባችው። ድረ ገጹ ድርሻውን ይቆርጣል፤ ቢሆንም ሰው አመጣ። እኔም ደግ አደረግሽ አልኳት። ስልክ ደውሎ ክፍል የሚይዝማ ያን ጊዜ ማን ነበር?

ባለፈው ገና ግን በድረ ገጹ በኩል የመጣ አንድ እንግዳ ሲመለስ እንዲህ ጻፈ፦ «ኮሪደሩ ላይ ሰው ተኝቷል። መጸዳጃ ቤት የሄድኩት እግር እየተሻገርኩ ነው። ገና ሳይነጋ አንድ ሽማግሌ ጮክ ብለው ያነባሉ።» ኮከብም አንድ ብቻ ሰጠ። ማረፊያው ከዝርዝሩ ግርጌ ወረደ፤ ለፋሲካ የመጣው እንግዳ አንድ ክፍል እንኳ አልሞላም።

ንጋት እናቷን ስትመክር እኔም ነበርኩ።

«እማዬ፣ ሁለት ወዶ አይሆንም። ይቅርታ ጠይቀን፣ ከእንግዲህ ኮሪደሩ ላይ ሰው አይተኛም ብለን እንጻፍ። አለዚያ ቤቱን መዝጋታችን ነው።»

 ልጅቷ እውነቷን ነው፤ ሌላ መተዳደሪያ የላቸውም። እኔ ብሆን እጽፍ ነበር።

«ሰውየው አልዋሸም» አሉ ወይዘሮ ይማርሽ። «እንቅልፉን አጥቷል፤ ይቅርታ ጠይቂው። ኮሪደሩ ግን ለገና የተሳላሚ ነው። ዝምታ የሚሻ በኅዳር ይምጣ፣ በደንብ እናሳድረዋለን ብለሽ ጻፊ።»

«እንዲህ ተብሎ አይጻፍም እኮ።»

«አብሽሪ ልጄ። ሳያውቅ መጥቶ ከሚከፋው አውቆ ቢቀር ይሻላል።»

ንጋት እያጉረመረመች ጻፈች። ክረምቱን ሙሉ የሚያንኳኳ አልነበረም፤ የእናትዬውን ግትርነት እኔም በሆዴ ረገምኩ።

ኅዳር ሲያልቅ ስልክ ተደወለ። ኤልሳቤጥ የምትባል የአዲስ አበባ ሴት ናት። ድረ ገጹ ላይ የጻፉትን አንብባ፣ ቁጥራቸውን ከአስጎብኚ ተቀብላ ነው።

«ለገና ለእናቴ አንድ ክፍል ያዙልኝ። እኔ ደግሞ... ኮሪደሩ ላይ ቦታ ማስያዝ ይቻላል?»

ስልኩን ያነሳችው ንጋት የሰማችውን ለእናቷ ነገረች። ወይዘሮ ይማርሽ ስልኩን ተቀበሏት።

«የእናትሽን ክፍል ይዤልሻለሁ ልጄ። ኮሪደር ግን አይያዝም፤ ቀድሞ የደረሰ ነው የሚተኛበት» አሉ። ከዚያ ትንሽ አሰቡና፣ «ከበሩ አጠገብ ያለችውን ጥግ ብቻ ተያት፤ የአባ ደሳለ ናት።»