በእድር ድንኳን የዘፈንኩ ቀን

ሱሉልታ ሜዳ ላይ የተዘጋጀው የሙዚቃ ፌስቲቫል ሰው በሰው ነበር፤ ያ ሁሉ ሕዝብ ግን ትልቁ መድረክ ጋ ነው። ለእኔ የደረሰኝ ጥግ ላይ የተተከለ፣ ከሰፈሩ እድር የተከራዩት ድንኳን ነበር። ቀኑን ሙሉ እዚያ የምዘፍነው እኔ ብቻ ነኝ። ክራሬን ይዤ ለባዶ ወንበር ስዘፍን፣ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው የለበሱ ሰዎች ገብተው አንገታቸውን ደፍተው ተቀመጡ። አድማጭ መቼም አይናቅም፤ ቀጠልኩ። ማንም አላጨበጨበም። ሲነሱ ግን አንድ በአንድ «እግዜር ያጽናህ» እያሉኝ ወጡ።

ድንኳኑን አይተው ለቅሶ ቤት መስሏቸው ነው ብዬ ሳቄ መጣ። መጨረሻ የቀሩትን ሽማግሌ፣ «አባባ፣ ተሳስታችኋል፤ ይሄ እኮ ፌስቲቫል ነው» አልኳቸው።

«እናውቃለን፣ ልጄ። ዛሬ እዚህ ሊዘፍን የነበረው ልጅ ሲመጣ መንገድ ላይ አረፈ ብለውን ነው የመጣነው።»