አልለቅም ያለው ሳጥን

የምጽፈው ስለ አንድ ሳጥን ነው። የእንጨት አይደለም፣ የቆርቆሮም አይደለም፤ በኮምፒውተር ስክሪን ላይ ስም ወይም ስልክ የሚሞላበት ነጭ ሳጥን ነው። ስለ ትዳሬና ከማን ጋር እንደ ተኳረፍሁ እንድጽፍ የሚጠብቅ አንባቢ ካለ ከወዲሁ ተስፋውን ይቁረጥ። የሰው ስምም አልጠራም። የአለቃዬን ስም ብጠራ ልጆቹ ይቀየሙኛል፤ ልጆቹ ደግሞ ምንም አላደረጉኝም፣ መንገድ ላይ ሲያገኙኝ ጎንበስ ብለው ነው ሰላም የሚሉኝ። እሱን ግን ስሙን ሳልጠራ እንደ ልቤ አነሣዋለሁ። ዕድሜዬን ሁሉ ፊት ለፊት “እርስዎ” ስለው ኖርሁ፤ እዚህ ወረቀቱ የኔ ነውና “እሱ” እለዋለሁ።

ከባሕር ዳር ወደብ ወደ ዘጌና ወደ ደሴቶቹ የሚመላለሱ ጀልባዎች ባሉት ማኅበር ነበር የምሠራው። በታይፒስትነት ተቀጠርሁ። በኋላ በማታ ፔዳ ወደሚባለው የዩኒቨርሲቲ ግቢ እየሄድሁ ፕሮግራም መጻፍ ተማርሁ፤ ስጨርስም ዲፕሎማዬን አምጥቼ ፋይሌ ውስጥ አስገባሁ። አለቃዬ ዲፕሎማውን አይቶ ፈርሞበታል። እንግዳ ሲመጣ ግን “ጸሐፊያችን ናት” ማለቱን አልተወም። የመንገደኞች መመዝገቢያውን ፕሮግራም ብቻዬን ጽፌ፣ ትኬት መቁረጫው ጋ አስገብቼ፣ ጀልባ ሁሉ በሱ መሄድ ከጀመረ በኋላ ደግሞ “ጸሐፊያችን ናት፤ ኮምፒውተርም ትነካካለች” አለ።

ትነካካለች። ደመወዝ ይጨምርልኝ አላልሁም። “ይህ የሷ ሥራ ነው” እንዲል ብቻ ነበር የፈለግሁት። አንድ ጊዜ፣ ሰው ፊት።

ሥራው ምን እንደሆነ ላስረዳ። እንዲህ ያለ ፕሮግራም አብዛኛውን ጊዜ የሚያደርገው መጠበቅ ነው። ሰው ቁልፍ ሲመታ፣ ማውሱን ጠቅ ሲያደርግ፣ ከአንዱ ሳጥን ወጥቶ ወደሚቀጥለው ሲያልፍ ለፕሮግራሙ ወሬ ይደርሰዋል። በሙያችን ክስተት እንለዋለን። ብልሃቱ ለየትኛው ክስተት ቶሎ መልስ እንደሚሰጥ፣ የትኛው ደግሞ ተሰምቶ እንዳልተሰማ እንደሚታለፍ ማወቁ ላይ ነው። አማት ቤት የኖረች ሴት ይህን ለመማር ፔዳ ድረስ መሄድ አያስፈልጋትም።

የኛን ትኬት መቁረጫ ያየ ሰው ደግሞ አንድ ነገር ያውቃል። እዚያ ማንም ሰው ጀምሮ እስኪጨርስ በሰላም አይስተናገድም። ትኬት ቆራጫችን የመሸንቲ ልጅ ናት፤ እጇ ፈጣን፣ አፏም እንደዚያው። የአንዱን ስም ጽፋ ስልኩን ልትጠይቅ ስትል መቋሚያ የያዙ አባት ወይም ነጠላቸውን የተከናነቡ እናት ብቅ ይላሉ። ያን ጊዜ ሰልፉ በሙሉ “ይቅደሙ፣ ይቅደሙ” ይላል። የተጀመረው መንገደኛ ራሱ ወደ ጎን ይላል። ማንም አይከራከርም፤ ቢከራከርም ቀኑን ሙሉ ሲወራበት ይውላል። ስለዚህ በኔ ፕሮግራም ሳጥን ባዶ ተትቶ ቢታለፍ ቢጫ ይሆናል እንጂ ምንም አይልም። “ቆይ” የሚል ቁልፍ አለ፤ ሲጫኑት የተጀመረውን ጎን ላይ ያቆይና ለሽማግሌው ቦታ ይለቃል። የጎደለውን የሚጠይቀው በመጨረሻ “ጨርስ” ሲባል ነው።

አለቃዬ ቢጫውን ጠላው። “የመንግሥት ሰው ቢመጣ ባዶ ሳጥን አይቶ ምን ይላል?” አለ። ቆይቶ የእኅቱን ልጅ አመጣ። ልጁ ፔዳ የሚያስተምር፣ መነጽር ያደረገ፣ ሲናገር የማይቸኩል ወጣት ነው። አዲስ ፕሮግራም ጻፈ፤ ከኋላው የጣና ፎቶ ያለበት፣ ፊደሉ የሚያምር። ውበቱን አልክድም። ስብሰባ ላይ ሲያሳየን ግን አንድ ነገር አየሁ፦ ሳጥኑ በትክክል ካልተሞላ መውጣት አይቻልም።

“ሰው ከሳጥኑ ሲወጣ አትያዘው” አልሁት። “ሲጨርስ ያዘው።”

ልጁ መልስ ሊሰጥ አፉን ከፈተ። አለቃዬ ቀደመው። “አንቺ ስለ ጽሕፈቱ ንገሪን። ባዶ እንዳይቀር ያልሁት እኔ ነኝ።”

ቃለ ጉባኤውን መጻፍ ቀጠልሁ። ዝም ማለት እችላለሁ፤ ብዙ ዓመት ሠርቼበታለሁ። ትኬት ቆራጯም የኔን ፕሮግራም ከሁለቱም ኮምፒውተሮች ላይ እንድታጠፋ ታዘዘች።

የሚጀመርበት ቀን ደረሰ። አዲስ ነገር ያለ ቡራኬ አይጀመርምና አለቃዬ ለገዳሙ ጉዳይ ከተማ ከርመው ወደ ደሴታቸው የሚመለሱ አንድ አዛውንት መነኩሴ ለምኖ አመጣ። አባ ባረኩ። የመጀመሪያዋን ትኬት በገዛ እጁ ሊቆርጥላቸውም ትኬት ቆራጯን አስነሥቶ ወንበሯ ላይ ተቀመጠ። የማኅበሩ አባላት ከኋላው ቆሙ። እኔ ሻይ ይዤ በሩ አጠገብ ነበርሁ።

ስማቸውን ጻፈ። መድረሻቸውን ጻፈ። ከዚያ “የቅርብ ዘመድ ስልክ” የሚለው ሳጥን ላይ ደረሰ።

“አባ፣ የዘመድ ስልክ ይንገሩኝ።”

“ዘመድ የለኝም፣ ልጄ።”

“የሩቅም ቢሆን፣ አባ። የጀልባ ነገር ስለሆነ ነው። አያድርገውና አንድ ነገር ቢፈጠር . . .”

“እኔ ስመነኩስ እንደ ሞተ ሰው ግንዘት ተነቦልኝ ከዓለም የተለየሁ ሰው ነኝ። ሬሳ ቢሰምጥ ለማን ይደወላል?”

ሰው ሳቀ። አለቃዬም አብሮ ሳቀና ሳጥኑን ባዶ ትቶ ወደሚቀጥለው ሊያልፍ ማውሱን ነካ። ኮምፒውተሩ ጢጥ አለ። “ይህን ሳጥን በትክክል ይሙሉ።” ሌላ ሳጥን ነካ፤ ጢጥ። “ተመለስ” የሚለውን ነካ፤ ጢጥ። ከላይ ጥግ ላይ ያለችውን መዝጊያ ነካ፤ እሷም ጢጥ። ለመዝጋትም መጀመሪያ ከሳጥኑ መውጣት ያስፈልጋል፤ ፕሮግራሙ ደግሞ ከሳጥኑ በወጡ ቁጥር መልሶ ይከታል። በዜሮ ሞላው። በዜሮ ዘጠኝ የማይጀምር ቁጥር እንዳይቀበል ተደርጎ ነበርና ጢጥ።

“የራሴን ላስገባው” አለ በመጨረሻ።

“ምኔ ነህ?” አሉ አባ።

“ለጊዜው ነው፣ አባ።”

“አሁን ባረክሁት እኮ። በውሸት አታስጀምረው።”

ውጭ የጀልባው ነጂ ሞተሩን አስነሥቶ ይጠብቃል። “ኧረ አባ ምን ሆኑ? ፈተና ተቀመጡ እንዴ?” ብሎ ጮኸ። ከሰልፉ አንዲት የዘጌ ሴት “እሳቸው አይደሉም፣ የተያዙት ጋሼ ናቸው” ብላ መለሰችለት።

የአለቃዬ ግንባር አብረቀረቀ። የእኅቱ ልጅ ጎንበስ ብሎ “አጎቴ፣ ኮምፒውተሩን እናጥፋው” ቢለው “ሰው እያየ?” አለ በጥርሱ። ከዚያ ዞሮ እኔን አየ።

“አንቺ፣ ነይ እስቲ።”

“ሻዬን ልጨርስ” አልሁ።

ጨረስሁም። የሻይ ብርጭቆ ታች ላይ የሚቀረውን ስኳር አልወድም፤ ያን ቀን ግን እሱንም በማንኪያ አወጣሁት።

ትኬት ቆራጯ ጉሮሮዋን ጠራረገች። “ጋሼ፣ ያ የጎኑ ኮምፒውተር ላይ የእትዬ ፕሮግራም አለ። አጥፊው ብለውኝ ነበር፤ ሥራ በዛብኝና ሳላጠፋው ቀረሁ።” በኋላ ስጠይቃት ሥራ በዝቶባት እንደማያውቅ ነገረችኝ።

ተቀመጥሁ። ስም፣ መድረሻ። የዘመዱን ሳጥን አለፍሁት፤ ቢጫ ሆኖ ቁጭ አለ። “ጨርስ” ስለው “ዘመድ የለም?” ብሎ ጠየቀ። “የለም” አልሁት። ትኬቷ ወጣች።

አባ ትኬቷንም ስክሪኑንም አዩ። “ይቺኛዋ ጨዋ ናት” አሉ። “ሰው ተናግሮ እስኪጨርስ ትጠብቃለች።” ከዚያ መቋሚያቸውን ይዘው ወደ ጀልባው ሄዱ።

አለቃዬ እሳቸው ከራቁ በኋላ የራሱን ስልክ አስገብቶ ከሳጥኑ ወጣ። ስለዚህ በዚያ ኮምፒውተር ላይ አባ እስከ ዛሬ አንድ የቅርብ ዘመድ አላቸው።

በማግሥቱ የእኅቱ ልጅ ወንበር ተሸክሞ ጠረጴዛዬ አጠገብ መጣ። “እትዬ፣ የ‘ቆይ’ን ነገር ያሳዩኝ” አለ። “ሳጥኑን እንድቆልፈው ያዘዙኝ እሳቸው ናቸው፤ እኔም እሺ ማለት አልነበረብኝም።” ልጠላው ሞከርሁ፤ አልሆነልኝም። አሳየሁት። እሱም የጣናን ፎቶና ያማረውን ፊደል ሰጠኝ። የኔ ፕሮግራም አዲስ ልብስ ለብሶ ቦታው ላይ ቀረ። የአለቃዬ ሪፖርት “በማኅበሩ የተዘጋጀ” አለ። የማኅበሩ። ጡረታ እስክወጣ ጠበቅሁ፤ እሱ ከኔ ቀድሞ ወጣ፣ በሽኝቱም ቀን ስለ ሁሉም ሲናገር ስለዚህ አልተናገረም።

ባለፈው ክረምት ማብቂያ ዘጌ ያለች ዘመዴን ልጠይቅ ወደብ ወረድሁ። ሰልፍ ነበር። ፊተኛው እሱ ነው፣ የድሮው አለቃዬ። ከኔ በዕድሜ ይበልጣል፤ ጸጉሩን ግን ቀለም ቀብቶት እንደ ጫማ ያብረቀርቃል። የኔ ነጭ ነው፤ ደብቄው አላውቅም። ትኬት የምትቆርጠው አዲስ ልጅ ስሙን ጽፋ ስልኩን ልትጠይቅ ስትል ቀና ብላ አየችኝ።

“እማማ፣ ይቅደሙ” አለች። ሰልፉም ተቀበላት። “ይቅደሙ፣ ይቅደሙ።”

እማማ መባሉ አናደደኝ። ቢሆንም አለፍሁ። እሱ አንድ ነገር ሊል እጁን አነሣና ወደ ጸጉሩ ወሰደው። እበልጣታለሁ እንዳይል ቀለሙ አፉን ያዘው። ወደ ጎን አለ። ልጅቱ “ቆይ”ን ተጫነች፤ ጢጥ ሳይል ስሙ ከስክሪኑ ጥግ ሄዶ ተቀመጠ።

“የኔ አይጠፋም?” ብሎ ጠየቃት።

“አይጠፋም፣ ጋሼ። ሌላው ቢጠፋ ይሄ አይጠፋም። ማን እንደሠራው አላውቅም እንጂ ጎበዝ ነው።”

ወደ ጀልባዎቹ ዞሮ አየ። ልረዳው አልፈለግሁም፤ የትኬቱን ብር መቁጠር ያዝሁ። ሰልፉ ይሰማል። አንድ ሰው ዶሮ ይዟል፣ ዶሮዋም የምትሰማ ይመስላል።

“እሷ ናት” አለ በመጨረሻ፣ በአገጩ እያመለከተኝ። “የሷ ሥራ ነው።”

ልጅቱ ከወንበሯ ብድግ አለች። “እውነት፣ እማማ?”

“እትዬ በይኝ” አልኋት። “አትቸኩዪ ደግሞ። የኔን በደንብ ጨርሺ፤ ጋሼ ይቆያሉ።”