ጠፋ አይባልም

አጎቴ ወልቂጤ ውስጥ አማርኛ አስተምረው ጡረታ ወጡ። ቀሪ ዕድሜያቸውን የጥንት ክርስቲያኖች የጻፏቸውን፣ ስማቸው እየተነሳ ራሳቸው ግን ያልተገኙ መጻሕፍትን ሲፈልጉ ኖሩ። እኔም አብሬያቸው እዞር ነበር። «ያ መጽሐፍ እኮ ጠፍቷል» ያላቸውን ሁሉ፣ ቄስም ይሁን ፕሮፌሰር፣ ያርሙት ነበር፦ «ጠፋ አይባልም፤ አልተፈለገም ይባላል።»

አንድ ቀን መስቃን ውስጥ ወዳለ የገጠር ቤተ ክርስቲያን ሄድን። ቄሱ «አሮጌዎቹ ጠፍተዋል፤ ያለን ይሄ ብቻ ነው» ብለው አንድ የብራና ዳዊት አወጡልን። አጎቴ ማንበቡን ትተው ከቆዳ ሽፋኑ ሥር ጣታቸውን ሰደድ አደረጉ። ከእንጨቱ ጋር የተጣበቀ፣ ዳዊቱን በዕድሜ የሚያስከነዳ ብጣሽ ብራና ብቅ አለ። ለካ ጠራዡ ገበር አድርጎት ኖሯል! አጎቴ እንደ ሕፃን ሳቁ።

«አየሽ? የት ይሄዳል! ገበር ሆኖ ተቀምጧል።»

ሊልጡት ግን አልፈለጉም፤ የሚታየውን መስመር አንብበውልን ሽፋኑን በቀስታ መለሱት።

ብጣሹ የወጣበትን ዋናውን መጽሐፍ ሳያገኙ አረፉ።

አርባቸው ከወጣ በኋላ ብቻዬን ቡታጅራ ሄድኩ። የመስኮቱን ወንበር ለእሳቸው ትቼ መቀመጤን ያወቅኩት የሚኒባሱ ረዳት «ጠጋ በይ እንጂ» ሲለኝ ነው። መናኸሪያው አጠገብ፣ አሮጌ ብራና ባዩ ቁጥር ለአጎቴ ይደውሉላቸው የነበሩት የቆዳ ነጋዴው ሐጂ ከሱቃቸው ተጣሩ። ማረፋቸውን አልሰሙም።

«አሰላሙ አለይኩም፣ ልጄ! ምነው ጋሼ ጠፉብን?»

«ጠፋ አይባልም...» አለ አፌ፣ ከልማድ። ቀሪውን መጨረስ አቃተኝ። እኔ እሳቸውን ስፈልግ ነው የከረምኩት።