ሁለት ጊዜ የሚጠይቀው መምህር

ወንድሜ የሲቪክስ አስተማሪ ነበር። የሚያስተምራቸውም ከየአገሩ ለአንድ ዓመት ብቻ የሚመጡ የልውውጥ ተማሪዎች ናቸው፤ ቋንቋው ገና አፋቸው ላይ የሚንገዳገድ፣ ያስጠጋቸው ቤተሰብ የሰጣቸውን ቁልፍ አንገታቸው ላይ ያንጠለጠሉ የአሥራ ስድስትና የአሥራ ሰባት ዓመት ልጆች።

"በሰው አገር ሕግ ምን አገባቸው?" እለው ነበር።

"ሲመለሱ የራሳቸው አገር ይጠብቃቸው የለ?" ይለኛል። መልስ ማጣት አያውቅም። እኔ ባሌን ፈትቼ፣ እሱ ሳያገባ፣ በእናታችን ቤት አብረን ኖርን። የፊተኛው ክፍል የእኔ የልብስ ስፌት ቤት ነው፤ የኋለኛው የእሱና የመጻሕፍቱ።

በሚያስተምርበት ክፍል ውስጥ እጅ ሳይወጣ አንዲት ነገር አትወሰንም። መስኮት ይከፈት? እጅ አውጡ። ፈተናው ሰኞ ይሁን ረቡዕ? እጅ አውጡ። እሱም የሚያወጣው አንድ እጅ ነው፤ ስለዚህ ብዙ ጊዜ ይሸነፋል። አንዴ ፈተናውን ሙዚቃ እየሰማን እንሥራ ብለው ወስነውበት ራሱን ይዞ ቤት ገባ። ስቄበት ልሞት።

አንድ ልማድ ነበረው። እጁን ለዚህም ለዚያም ያላወጣ ልጅ ካለ "አንተስ? አንቺስ?" ብሎ ይጠይቅና ይጠብቃል። መልስ ካጣ ትንሽ ቆይቶ፣ ዝቅ ባለ ድምፅ ደግሞ ይጠይቃል። "መጀመሪያ ስጠይቃቸው ይደነግጣሉ" ይለኛል፤ "የምሬን መሆኑ የሚገባቸው ስደግመው ነው።" ከዚያ በላይ ግን ማንንም አይጨቀጭቅም።

በመጨረሻው ዓመት አንዲት ዝምተኛ ልጅ ደረሰችው። ባደገችበት ቤት ልጅ ለትልቅ ሰው እሺም እንቢም አይልም አሉ። ሁለቴ ይጠይቃታል፤ ሁለቴም አንገቷን ደፍታ ፈገግ ትላለች። ማታ ማታ እራት ላይ ወሬው እሷ ሆነች።

"እህት ዓለም፣ ዛሬ ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ።"

"እንኳን ደስ ያለህ ጋሼ፣ ድግስ ልደግስ?"

"ቀልጂ አንቺ። ያቺ ልጅ አንድ ቀን አፏን ከፍታ አንድ ነገር ከጠየቀችኝ፣ የፈለገው ነገር ይሁን፣ አደርግላታለሁ።"

ይህን ሲል ሾርባው ውስጥ ዳቦ እየነከረ ነበር። ቀልዱን አልነበረም፤ ወንድሜ ያለውን የማያጥፍ ሰው ነው።

ድምፁ መሻከር የጀመረው በዚያው ሰሞን ነው። የጠመኔ ብናኝ ነው አለ። ማር በሻይ አጠጣሁት፣ የአንገት ልብስ ሰፋሁለት፤ የለም። ጎትቼ ሐኪም ዘንድ ወሰድኩት። ሐኪሟ የጉሮሮውን ሥዕል በወረቀት ላይ ሥላ አሳየችን። ማንቁርቱ ላይ ዕጢ በቅሏል። አሁኑኑ ከወጣ በሕይወት ይኖራል፤ ድምፁ ግን አይመለስም። ከዘገየ ለምንም ነገር ዋስትና እንደሌላት ነገረችን።

"ትምህርት ሲዘጋ እመጣለሁ" አላት። "ልጆቹ የመጡት ለአንድ ዓመት ነው፤ ሌላ ዓመት የላቸውም።"

አውቶቡስ ውስጥ ሰው እስኪዞር ድረስ ጮህኩበት።

"ድምፅ ሳይኖረኝ ምን አስተምራለሁ?" አለኝ።

"ሳታስተምር ኑራ!"

ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ። ያኔ ፍርሃቱ ገባኝና አንጀቴን በላው። ያለ ክፍሉ ማን እንደሚሆን አያውቅም ነበር።

ለመንኩት፣ አኮረፍኩት፣ አለቀስኩበት፤ ሰማይ ቢታረስ ንቅንቅ አልል አለ። አንድ ቀን ጠዋት ጠርዙን ያልጨረስኩትን የደንበኛ ቀሚስ ጥዬ፣ ሜትሬን ከአንገቴ ሳላወርድ፣ ትምህርት ቤቱ ሄድኩ። በኮሪደሩ መጨረሻ ያለውን በር ሳላንኳኳ ከፍቼ ገባሁ።

"ልጆቼ፣ አንድ ነገር ወስኑልኝ" አልኩና ሁሉንም ዘረገፍኩት። ሕመሙን፣ ሐኪሟ ያለችውን፣ እንቢታውን። "አሁኑኑ ይታከም የምትሉ እጃችሁን አውጡ!"

ሊያስወጣኝ ይችል ነበር። ግን እዚያ ክፍል የገባ ሁሉ ሐሳብ ማቅረብ ይችላል፤ ደንቡ የራሱ ነው። ወንበሩ ላይ ተቀመጠና በሻከረ ድምፁ "ሐሳቡ ቀርቧል" አለ።

አንድም እጅ አልወጣም። የክፍሉ አለቃ፣ አንድ ቁመተ ረጅም ልጅ፣ ዓይኑ እንባ አቅርሮ ተነሣ።

"ቲቸር፣ ባለፈው ሳምንት ያስተማሩን ነው። የሰው አካል የራሱ ነው። ብዙ ሰው ስለተስማማ ብቻ በአንድ ሰው አካል ላይ አይወስንም። ይሄ እጅ የሚወጣበት ጉዳይ አይደለም።"

ሌሎቹም ራሳቸውን ነቀነቁ፤ እያለቀሰች የምትነቀንቅም ነበረች።

"አንተ ልጅ፣ ይሞታል እኮ ነው የምልህ!" አልኩት።

ወንድሜ ግን ሕፃን ልጁ ለመጀመሪያ ጊዜ ቆሞ ሲሄድ እንዳየ አባት ፊቱ በራ። ትምህርቱ ገብቷቸዋል! በጥፊ ባጮለው ደስ ባለኝ።

ከዚያ እንደ ልማዱ ወደ ዝምተኛዋ ዞረ። "አንቺስ?"

ልጅቷ የጠረጴዛዋን ጠርዝ ጨብጣ ቀና አለች። ጠበቃት። ሊደግምላት አፉን ከፈተ፤ ድምፁ አልወጣም። እንደገና ሞከረ፤ ሳል አጣድፎ ጎንበስ አደረገው። እኔ ውኃ ሳቀብለው ደወሉ ተደወለ። ልጆቹ ቦርሳቸውን እያነሡ ወጡ። እሷ በሩ ላይ ቆማ ወደ ኋላ አየችና እሷም ሄደች።

ዓመቱን ጨረሰ። በመጨረሻ በሹክሹክታ ነበር የሚያስተምረው፤ ልጆቹም እሱን ለመስማት ትንፋሻቸውን ይውጡ ነበር አሉ። ቀዶ ጥገናው የተደረገው ፈተና ባለቀ በሳምንቱ ነው። ሐኪሟ ኮሪደር ላይ ጠብቃኝ ዕጢው ሳንባው ውስጥ መግባቱን ነገረችኝ። "ዘግይተናል" አለችኝ። እሷ እንኳ አልዘገየችም ነበር።

ዝምተኛዋ አገሯ ልትገባ አንድ ቀን ሲቀራት ሐኪም ቤት ልትጠይቀው መጣች። ወንድሜ ጉሮሮው ላይ ቱቦ ገብቶለት ተጋድሟል። እግርጌው ቆመች። ድምፅዋን ለመጀመሪያ ጊዜ ሰማሁት፤ እንደጠበቅኩት ቀጭን አልነበረም።

"ቲቸር፣ ያን ቀን 'እባክዎ ይታከሙ' ልልዎት ነበር። ሁልጊዜ ሁለቴ ይጠይቁኛል። በመጀመሪያው ልቤን አበረታሁ፤ በሁለተኛው ልናገር ስጠብቅ ተደወለ።"

አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጥኩ። እራት ላይ፣ ሾርባው ውስጥ ዳቦ እየነከረ የገባላት ቃል ትዝ አለኝ። የወንድሜን ዓይን ሳይ እሱም እንዳልረሳው አወቅኩ። ብትለምነው ኖሮ በማግስቱ ሐኪም ዘንድ ይሄድ ነበር፤ ይህን ከሁለታችን በቀር የሚያውቅ የለም።

ልጅቷ ወደ እኔ ዞረች። "ብናገር ኖሮ ይሰሙኝ ነበር?"

ወንድሜ ትኩር ብሎ አየኝ። ዕድሜዬን ሙሉ አንድ ነገር ውጬ የማላውቅ ሴት ነኝ፤ ይህን ግን ዋጥኩት።

"አይሰማሽም ነበር፣ ልጄ" አልኳት። "እኔን መቼ ሰማኝና!"

ወንድሜ እጁን ከአንሶላው ሥር ቀስ ብሎ አወጣና ወደ ላይ አነሣ፤ እዚያው አቆየው። እኔም አነሣሁ። ልጅቷ በምን እንደተስማማን ሳታውቅ፣ እንባዋን ጠርጋ፣ ዓመቱን ሙሉ ሲጠብቀው የነበረውን እጇን አወጣች።