አዳራሹ ያልጮኸለት አንበሳ

ዋለልኝን አንድ ጊዜ ያየ ሰው አይረሳውም፤ የትግል ሪንግ ውስጥ ካላየው በቀር። በር ሲገባ ጎንበስ ይላል፣ ትከሻው ለሁለት ሰው ይበቃል። አሜሪካ፣ ክሪስታል ሲቲ በሚሠራበት ፓርኪንግ ውስጥ የተጣሉ ሾፌሮች እሱ ብቅ ሲል ድምፃቸውን ይቀንሳሉ። እሁድ ከሰዓት ግን አሌክሳንድሪያ ውስጥ ባለች አንዲት አሮጌ አዳራሽ፣ ከምንጣፍ የተሠራ ጎፈር ራሱ ላይ ደፍተውበት «የአቢሲኒያው አንበሳ!» ተብሎ ሲጠራ፣ ሕዝቡ ሆት ዶግ ሊገዛ ይነሳል። ለሽንት ቤት የሚሰለፈውም ያን ጊዜ ነው።

ይህ ትግል በአገራችን መስክ ላይ እንደምናውቀው አይደለም። ማን እንደሚጥልና ማን እንደሚወድቅ አስቀድመው ይነጋገሩበታል። አወዳደቁ ግን የእውነት ነው፤ ወገብ ይሰብራል። ዋለልኝ በዚህ ሙያ አንደኛ ነበር። ያነሳውን ሰው እንደ እንቁላል ነው የሚያስቀምጠው። ባልደረቦቹ ከእሱ ጋር ለመመደብ ይሻማሉ፣ ያን ቀን ደህና ሆነው ቤታቸው ይገባሉና። ታዲያ ምን ጎደለው? ፊት ነው የጎደለው።

የአዳራሹ አለቃ ሚስተር ዶይል ነገሩን ከነገረው ቆይቷል። «ሲመቱህ ያመመህ አትመስልም፣ ስትመታ ደስ ያለህ አትመስልም። ሰው ምን አይቶ ይጩኽ?» ብሎታል። ሌሎቹ ማይክሮፎን ሲሰጣቸው ምድርና ሰማይ የኛ ነው ይላሉ። ዋለልኝ ሲሰጠው «ዛሬ የምችለውን እሞክራለሁ፤ እግዚአብሔር ይርዳን» ብሎ በሁለት እጁ ይመልሰዋል።

በማን ይፈረዳል? ልጅ ሆኖ ቡሬ ውስጥ ሲያድግ ክንዱ ተሰብሮ ወጌሻ ሲያሸው አባቱ ክንዱን ሳይሆን ፊቱን ነበር የሚያዩት። ልጁ ትንፍሽ አላለም። አባትየው «ዝም አይነቅዝም» ብለው ግንባሩን ሳሙት፣ ጎረቤቱም ሁሉ ወንድ ወለዱ አለላቸው። ያን ቀን እንዲያ ተመርቆ የተዘጋ ፊት አሜሪካ ስለመጣ ብቻ ይከፈታል? እኔ ይከፈታል ብዬ አላምንም። እሱ ግን አምኖ ነበር።

በ1996 መጸው ላይ አንድ ቀን ሲልቨር ስፕሪንግ ያለው አፓርታማው እየሮጠ ገባ። «ጌጤ፣ ዶይል ኮል አደረገኝ!» አለ ለሚስቱ ለጌጤነሽ። «ከትልቁ የትግል ካምፓኒ ሰው እሁድ ይመጣል። ሕዝቡ ከጮኸልኝ በቲቪ ያስገቡኛል። ሠላሳ አራት ሆነኝ፣ ሌላ ቻንስ የለኝም።»

ጌጤነሽ ትግሉን አትወደውም፤ ግን ባሏ እንዲህ ሲያወራ ሰምታው አታውቅም። ስለዚህ ሳምንቱን ሙሉ መታጠቢያ ቤት መስታወት ፊት አቁማ ሕመም አስተማረችው። እሱ ፊቱን ያኮማትራል፣ እሷ ትታዘባለች።

«አሁን ያመመህ አትመስልም። ያኮረፍክ ነው የምትመስለው።»

«እንዴት ላድርገው ታዲያ?»

«እኔ እንጃ! ጩኽ!»

«ሰው ይሰማል» አለ ዋለልኝ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

የሚሰማው ሰው ጋሽ ፀሐዩ ነበሩ፣ ከበላያቸው ያሉት ጎረቤት። ጋሽ ፀሐዩ አገር ቤት የወረዳ ዳኛ ነበሩ፤ እዚህ መጥተውም ሽምግልናውን አልተዉትም። ባልና ሚስት ሲጋጩ፣ ሁለት ታክሲ ነጂ ሲጣላ፣ ሳይጠሩ ይደርሳሉ፤ ሽማግሌ ደግሞ ተጠርቶ ነው እንዴ የሚመጣ? የዶይል ትግል በሰፈሩ የኬብል ጣቢያ ይታይ ነበርና፣ አንድ ቀን ቡች የሚባል ወፍራም ፈረንጅ ዋለልኝ ላይ ሲተፋበትና «ወደ አገርህ እመልስሃለሁ!» እያለ ሲዝትበት አዩ። ቋንቋው ሁሉ ባይገባቸውም ምራቁ ገባቸው።

«ልጄ፣ ከዚያ ሰው ጋር ምን አጣላችሁ?» ብለው ደረጃው ላይ ያዙት።

ቡች ከሪንግ ውጭ ጉልበቱን የሚያመው፣ የልጅ ልጁን ፎቶ የሚያሳይ ደግ ሰው ነበር። ግን ትግሉ ስምምነት መሆኑን ለውጭ ሰው መንገር በዚያ ሙያ ነውር ነው፤ የነገረ ይባረራል። ዋለልኝ ደግሞ ሽማግሌ ፊት መዋሸት አይሆንለትም። «ምንም አይደለም ጋሼ፣ ተዉት» ብሎ አንገቱን ደፋ።

ጋሽ ፀሐዩ በሕይወታቸው ብዙ ጠብ አይተዋል። ሰው አንገቱን ደፍቶ «ተዉት» ካለ ነገሩ ደም ሊያፋስስ ደርሷል ማለት ነው ብለው አሰቡ። ጓደኛቸውን ጋሽ ንጉሴን አስከትለው፣ ሙሉ ልብሳቸውን ለብሰው፣ ነጠላ ደርበው በዚያው እሁድ አሌክሳንድሪያ ሄዱ። ቲኬት ቆርጠው ከኋላ ተቀመጡ። ሐሳባቸው ትግሉ ሲያልቅ ሁለቱን ለይቶ ማነጋገር ነበር።

ዋለልኝ አላያቸውም። ያየው ሦስተኛው ረድፍ ላይ ክራቫት ያሰረውን የካምፓኒውን ሰው ነው። ስምምነታቸው ቡች በብረት ወንበር ጀርባውን እንዲመታው፣ እሱ ወድቆ እያቃሰተ እንዲንፏቀቅ፣ ቀስ በቀስ ተነስቶ ቡችን እንዲጥለው ነበር። ወንበሩ አረፈበት። የቡች እጅ ስቶ ኖሮ ብረቱ ከተነጋገሩበት በላይ ግራ ትከሻውን ቆረጠመው፤ ያኔ ከዋለልኝ አፍ እሱ ራሱ የማያውቀው ጩኸት ወጣ። ወደቀ። መሬቱን በጥፍሩ ቧጠጠ። ሆት ዶግ የያዘ ሰው እጁ አፉ ላይ ቀረ። አንዲት ሴት «ተነስ! ተነስ አንተ!» ብላ ጮኸች፣ ከዚያ ጎኗ ያለው፣ ከዚያ መላው ረድፍ። ዋለልኝ ግንባሩን መሬት ላይ እንደተከለ ሰማቸው። ደስታው ሊገድለው ደረሰ።

«በሕግ አምላክ! ቁም!»

አዳራሹን የሰነጠቀው የጋሽ ፀሐዩ ድምፅ ነው። ያንን ጩኸት ሰምተው መቀመጥ አልቻሉም፤ ነጠላቸው እየተጎተተ ሪንጉ ገመድ ድረስ መጥተዋል። በሕግ አምላክ የተባለ ሰው በኛ አገር የሚሮጥም ቢሆን ይቆማል፣ የሚማታም እጁን ይሰበስባል። ዋለልኝም ሳያስብ ብድግ አለ። እየሞተ የነበረው ሰው ቀጥ ብሎ ቆመ፣ ሽማግሌውን አየና ጎንበስ ብሎ እጅ ነሳ።

መጀመሪያ አንድ ሰው ሳቀ፣ ከዚያ ሁሉም። ዋለልኝ ያደረገውን ያወቀው ያን ጊዜ ነው። ተመልሶ አይወድቅ ነገር!

ቡች አንገቱን አንቆ የያዘ መስሎ ጆሮው ላይ አንሾካሾከ። «አባትህ ናቸው? ስማ፣ አሁንም አልረፈደም። በቀስታ ገፋ ላድርጋቸው፤ ምንም አይሆኑም። አንተ ተቆጥተህ ጨርሰኝ። በጩኸት ጣራው ነው የሚነሳልህ።»

እውነቱን ነው፣ ይነሳ ነበር። ዋለልኝ ወደ ካምፓኒው ሰው አየ፤ ሰውዬው አልሄደም፣ እየጠበቀ ነው። ወደ ጋሽ ፀሐዩ አየ፤ ሁለት እጃቸውን ዘርግተው «ስለ መድኃኔ ዓለም፣ ልጆቼ!» ይላሉ። እንዲገፋቸው ቢፈቅድ ምን ነበረበት? እኔ ብሆን ምናልባት እፈቅድ ነበር።

«አይ ቡች። እባክህ» አለ ዋለልኝ፣ የቡችንም ትከሻ ሳመ። ግራ የገባው ቡች እሱም ሳመው። ጋሽ ንጉሴ ከኋላ አጨበጨቡ። ሕዝቡ በአንድ ድምፅ «ቡ!» እያለ አንቋሸሻቸው፣ የኮካ ኮላ ኩባያም ሪንጉ ውስጥ ወደቀ።

ልብስ መቀየሪያው ክፍል ዶይል ቆሞ ጠበቀው። አልተቆጣም፤ ቢቆጣ ይሻል ነበር። «ሰውዬው ሄደ» አለው። «ስለ አንተ አልጠየቀኝም። ስለ ሽማግሌው ግን ጠይቋል። ከየት አገኛችሁት፣ ፊቱ እኮ ይናገራል አለኝ።»

ወደ ሲልቨር ስፕሪንግ ሽማግሌዎቹን የመለሳቸው ዋለልኝ ነው፤ በምን ልቡ ትቷቸው ይሂድ? ጋሽ ንጉሴ ከኋላ እንቅልፍ ወሰዳቸው። ጋሽ ፀሐዩ ከጎኑ ሆነው ሥራቸውን እያደነቁ መጡ። «ያ ፈረንጅ ክፉ ሰው አይደለም። ቶሎ ነው የታረቀው። እንግዲህ ከዚህ በኋላ አይነካህም።»

«እግዜር ይስጥልኝ ጋሼ» አለ ዋለልኝ።

ጋሽ ፀሐዩ ወደ እሱ ዞሩ። «ስትጮህ ግን» አሉ፣ ድምፃቸው ተቀይሮ፣ «የሰው ልጅ እንዲያ ሲጮህ ሰምቼ አላውቅም። ነጠላዬን ሳልሰበስብ ነው የደረስኩልህ።»

ዋለልኝ የነጠላቸውን ጫፍ አየ፤ የአዳራሹ አቧራ ይዞታል። ስንት ዓመት ሙሉ በየእሁዱ ሲወድቅ፣ ደንግጦ ከመቀመጫው የተነሳለት ሰው እኚህ ብቻ ነበሩ። ውሸት ነበር ቢላቸው ይሰብራቸዋል። እውነት ነበር ቢላቸውም ምን ይረባዋል? ዓይኑን ወደ መንገዱ መለሰ።

«አሁንም ያምሃል እንዴ?» አሉት።

«አዎ ጋሼ። ያመኛል።»

«አይዞህ ልጄ፣ አይዞህ» ብለው እጃቸውን ሰደዱና ከጎናቸው ያለውን ቀኝ ትከሻውን ያሹለት ጀመር። ወንበሩ ያረፈው በግራው ነበር። ዋለልኝ ትከሻውን ወደ እጃቸው አስጠግቶ ነዳ።