ቦርዱ ከደሴ፣ ፕሮሰሰሩ ከኮምቦልቻ

ደሴ፣ ቧንቧ ውሃ ሰፈር ውስጥ ረሂማን በስሟ የማያውቃት ሰው እንኳ «ያቺ ሽማግሌ የመለሰችው» ሲሉት ያውቃታል። ፀጉራቸውን እየሠራሁላቸው እንዲህ ብለው የሚያሟት ደንበኞች አሉኝ። ማበጠሪያውን ወርውሬ ልነሳ ምንም አይቀረኝም። እኔ ወርቄ እባላለሁ፤ ሙሽራ አስጌጣለሁ። የእሷን የቪዲዮ ስቱዲዮና የእኔን ሱቅ የሚለያቸው አንድ የጣውላ ግድግዳ ነው። የሆነውን በዓይኔ አይቻለሁ፤ ያላየሁትን ደግሞ በጣውላው ሰምቻለሁ። ስለዚህ የሚያማትም ቢሆን እውነቱን ይዞ ይማት።

ረሂማ ተወልዳ ያደገችው ቢስቲማ ነው። ደሴ የመጣችው አክስቷ ዘንድ ሆና ልትማር ነበር። ከትምህርት በኋላ ለአንድ ፎቶ አንሺ መብራት ትይዝለት ጀመር። ሰርግ ቤት ሰው ሁሉ ሲበላ ሲጨፍር እሷ አምፖሏን ከፍ አድርጋ ግድግዳ ተደግፋ ትቆማለች። አንድ ቀን ሰውየው ጠጅ አብዝቶ ካሜራውን መያዝ ሲያቅተው፣ አምፖሉን ለሚዜ አስይዛ ካሜራውን ተቀበለችው። የዚያን ቀን ፊልም ሙሽሮቹ እስከ ዛሬ ያሳያሉ። ከዚያ ወዲህ መብራት ይዛ አታውቅም። የጅቡቲ መስመር ሾፌር የሆነውን በሺርን አግብታም ስቱዲዮውን የከፈተችው በራሷ ላብ ነው። በሺር ጥሩ ሰው ነው፤ ግን ሁልጊዜ መንገድ ላይ ነው።

ነገሩ የሆነው ሚሊኒየሙ ካለፈ ከሁለት ዓመት በኋላ፣ መብራት በፈረቃ በሚመጣበት ጊዜ ነው። ኮምቦልቻ ያለ አንድ ኮሌጅ የሐምሌ ምርቃቱን እንድትቀርጽ ሰጣት። «ክረምቱ ሳይወጣ ካደረስሽልን በየዓመቱ ያንቺ ነው» አሏት። ክረምት ሰርግ የለም፤ ክረምት ለእኔም ለእሷም ጾም ነው። ይህ ሥራ ከተሳካላት ከእንግዲህ የጥርና የሚያዝያን ሰርግ እየጠበቀች አትቸገርም። ችግሩ ኮምፒውተሯ ነበር። የተቆራረጠውን ምስል አዋህዶ አንድ ፊልም ለማድረግ ብዙ ሰዓት ይፈጃል፤ ሬንደር ይሉታል። ያ አሮጌ ኮምፒውተር ሬንደሩን ሳይጨርስ መብራት ይሄዳል። መብራቱ ሲመጣ ደግሞ ከሀ ይጀምራል። በጣውላው በኩል «ያ አላህ!» ስትል ስሰማ መብራት መሄዱን የማውቀው አምፖሌን ሳላይ ነው።

ስለዚህ ማዘርቦርዱንና ፕሮሰሰሩን ልትቀይር ወሰነች። እሷው እንዳስረዳችኝ፣ ማዘርቦርድ ሁሉ ነገር የሚሰካበት ሰሌዳ ነው፤ ፕሮሰሰር ደግሞ እላዩ ላይ ተቀምጦ የሚያስበው ነው። ሁለት ዓይነት አለ፤ ኢንቴልና ኤኤምዲ። የአንዱ ሰሌዳ የሌላውን ፕሮሰሰር አይቀበልም። ደሴ ላይ ኢንቴል የሚሸጠው ምንይሉ ነው፤ የመጀመሪያ ኮምፒውተሯን የገጠመላትም እሱ ነው። ኮምቦልቻ ላይ ኤኤምዲ የሚያመጣው ሙዓዊያ ነው። ረሂማ የምርቃቱን ካሴት ይዛ ሁለቱም ጋ ሄደች፤ ያንኑ ምስል በሁለቱም ላይ አሠርታ አየች። ምንይሉ «ቢበላሽ እዚሁ ጎረቤትሽ ነኝ» አላት። ሙዓዊያ «ነገ አቅም ስታገኚ ፕሮሰሰሩን ብቻ ትቀይሪያለሽ፤ ቦርዱ ይቀበልሻል» አላት፤ የካሜራዋን ምስል ወደ ኮምፒውተሩ ለሚያስገባው ካርድ የሚሆን ትርፍ መሰኪያም አሳያት። አሰበችበትና የሙዓዊያን መረጠች። ገዢዋ እሷ፣ ሠሪዋ እሷ፤ ነገሩ እዚህ ላይ ማለቅ ነበረበት።

ምንይሉና ሙዓዊያ ግን ድሮ በአንድ ሱቅ የሠሩ ሸሪኮች ናቸው። ተጣልተው ከተለያዩ በኋላ ነገሩ ከመክረሩ የተነሳ፣ የሙዓዊያ እናት ሲሞቱ ምንይሉ ለቅሶ ቀረ። በወሎ ምድር ለቅሶ መቅረት ምን ማለት እንደሆነ አገር ያውቃል። እና ምንይሉ የረሂማን ምርጫ ሲሰማ ፊቱን አጥቁሮ መጣ።

«እኔን ትተሽ ከእሱ? ሌላ ሰው አጥተሽ ነው?»

«ምንይሉ፣ እኔ ሰው አልመረጥኩም። ቦርድ ነው የመረጥኩት።»

«ቦርዱን የሚሸጠውስ ማነው?» ብሎ በቀጥታ የባሏ አጎት ሸህ አብዱልወሀብ ዘንድ ሄደ። ሸህ አብዱልወሀብ በአገሩ የታወቁ አስታራቂ ናቸው። ጭቅጭቁን ሲሰሙ አልተቆጡም፤ ደስ አላቸው። ሁለቱን የሚያገናኝ ሰበብ ሲፈልጉ ከርመዋላ! አብረዋቸው የሚሸመግሉትን ቄስ ቀለሙን ጨምረው ለእሁድ ሽምግልና ጠሩ። ረሂማ ብቻዬን አልሄድም ብላ እኔን ይዛኝ ሄደች።

ሁለቱ ባላንጣዎች ግራና ቀኝ ተቀምጠዋል፤ እኛ በር ሥር። ረጅም ወቀሳ ተወቃቀሱ። በመጨረሻ ሸህ ፍርዳቸውን ሰጡ። «ይህች ልጃችን ከሁለታችሁም ትገዛለች። ቦርዱን ከምንይሉ፣ ፕሮሰሰሩን ከሙዓዊያ። የሁለታችሁ እቃ በአንድ ሳጥን ተስማምቶ ሲሠራ እናንተም ትስማማላችሁ።»

«ማለፊያ!» አሉ ቄስ ቀለሙ።

ረሂማ ተነሳች። «ሸህ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና ይህ አይገጥምም። የአንዱ ቦርድ የሌላውን ፕሮሰሰር አይቀበልም።»

«አብሽሪ ልጄ፤ የተቀመጥነው ለእቃ አይደለም፤ ለሰው ነው። ሰው ከገጠመ እቃ አያቅትም።»

«እኔን ካላመኑኝ እነሱን ይጠይቋቸው። ሥራቸው ነው፤ ያውቁታል።»

ቄስ ቀለሙ ወደ ሁለቱ ዞሩ። «እናንተስ ምን ትላላችሁ?»

ምንይሉ ሙዓዊያን አየ፤ ሙዓዊያ ምንይሉን አየ። እኔ ፀጉር ሠሪ ነኝ፤ የሰው ፊት በመስታወት ሳይ ውዬ ነው የማመሸው። ሁለቱም እንደሚያውቁ ፊታቸው ላይ ተጽፎ ነበር።

«ሽማግሌ ካለ አለ ነው» አለ ምንይሉ።

«እኔም ከሸህ ቃል አልወጣም» አለ ሙዓዊያ።

ሸህ ዱዓ አደረጉ፤ ቄስ ቀለሙ መረቁ፤ ሁለቱ ተቃቀፉ። ሰዉ አሚን አለ። ረሂማ ቤት እንደገባች ለበሺር ደወለች። «አጎቴን በሰው ፊት አታሳፍሪኝ፤ ያሉሽን አድርጊ» አላት። የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም አሉ።

በማግስቱ ምንይሉ መጥቶ አሮጌውን ቦርድ በልዋጭ ፈትቶ ወሰደ፤ የእሱን አዲስ ቦርድ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠ። የሙዓዊያ ፕሮሰሰር ከኮምቦልቻ በሚኒባስ የሐረጎን ዳገት ወጥቶ ደረሰ። ረሂማ ጠርታ አሳየችኝ። ቦርዱ ላይ ፕሮሰሰሩ የሚቀመጥበት ቦታ ጥቃቅን መርፌ ብቻ ነው። የፕሮሰሰሩም ሆድ ጥቃቅን እግር ብቻ ነው። አንዱ ሲወጋ ሌላው የሚቀበልበት ቀዳዳ የለውም፤ ሁለት ጃርት ማስተቃቀፍ ነው። እኔ መሃይሟ እንኳ እያየሁ ሳቄ መጣ። እሷን ሳያት ግን ሳቄን ዋጥኩት።

ምንይሉ ጋ ሄደች። «ለቦርድህ የሚገጥመውን ፕሮሰሰር ስጠኝ፤ የሙዓዊያን እመልሳለሁ።» እሱ ምን አላት? «እኔ ከሰጠሁሽ እርቁን ያፈረሰው ምንይሉ ነው ይባላል። እሱ ቦርድ ይላክልሽ።» ኮምቦልቻ ወረደች። ሙዓዊያ ደግሞ «ወላሂ ቦርዱ ይኸው መደርደሪያዬ ላይ ነው። ግን ከሸህ ዱዓ በኋላ እኔ ቀድሜ ቃል አላፈርስም፤ መጀመሪያ ምንይሉ ገንዘብሽን ይመልስ» አላት። ሸህን ፈለገቻቸው፤ ለሌላ እርቅ ደሴ ዙሪያ ገጠር ገብተዋል! ሐረጎን ስትወጣ ስትወርድ ክረምቱ ሊያልቅ ደረሰ። ያላትን ለሁለቱም ስለከፈለች ሌላ የምትገዛበት እጇ ላይ አልነበረም፤ አሮጌው ቦርድም ምንይሉ ከሸጠው ቆይቷል። ሁለቱ ደግሞ በዚያ ሰሞን አብረው ምሳ ሲበሉ ታዩ። ዝሆኖች ሲጣሉ የሚጎዳው ሳሩ ነው ይላሉ። ሲታረቁም ያው ሳሩ ነው ለካ!

ነሐሴ መጨረሻ ላይ ኮሌጁ ሰው ላከ። ተቆጥተው እንኳ አልነበረም፤ በትሕትና ነበር። ካሴቶቹን ስጪን፣ አዲስ አበባ ይሠራልናል አሉ። የሰው ካሴት ይዛ ልትቀር አትችልም፤ ጠቅልላ ሰጠቻቸው። ፊልሙ በኋላ ወጣ። የጥር ሰርግ ሲደርስ አንዲት ተመራቂ ሙሽራ ሆና ሱቄ ስትመጣ ዲስኩን አሳየችኝ። ረሂማ ዝናብ እየደበደባት፣ ካሜራዋን በነጠላዋ ሸፍና የቀረጸችው ሁሉ አለ፤ ሽፋኑ ላይ ግን የማላውቀው የአዲስ አበባ ስቱዲዮ ስም ነው ያለው። በየዓመቱ የተባለውም ሥራ አብሮ ሄደ።  ረሂማ ግን ካሴቶቹን ባስረከበች ማግስት አላለቀሰችም። ፒያሳ መሃል ቆማ ሁለቱንም በስማቸው እየጠራች፣ ውሸታሞች እያለች ሰደበቻቸው። ከዚያ በኋላ ሰላምታ ነሳቻቸው።

ይኼኔ ነው አገሩ የተንቀሳቀሰው። እሷ ሥራዋን ስታጣ ማንም ብድግ አላለም፤ ሁለት ወንዶች ሲሰደቡ ግን ሽምግልና ተቀመጠ። መስከረም ላይ ሸህ አብዱልወሀብና ቄስ ቀለሙ ሁለቱን አስከትለው ስቱዲዮዋ መጡ። በሬን ከፍቼ መጥቼ እኔም ገባሁ፤ ማንም አልጠራኝም።

«ልጄ ረሂማ፣ አፉ በያቸው» አሉ ሸህ። «ሳያውቁ ላጠፉት ይቅር በያቸው። እኛም ደጅሽ ቆመናል።»

ረሂማ ከወንበሯ ተነስታ ሁለቱ ፊት ቆመች። «አንድ ነገር ብቻ ልጠይቃቸው። ሙዓዊያ፣ ባባትህ፣ በእናትህ ነፍስ፤ እንደማይገጥም ያወቅከው መቼ ነው?»

ሙዓዊያ መሬት መሬት አየ። የእናቱ ነፍስ ከተጠራ በኋላ መዋሸት አልቻለም። «ያኔውኑ፤ ሸህ እንደተናገሩ» አለ።

«አንተስ፣ ምንይሉ?»

«እኔም ያኔውኑ። እሱ ይናገራል ብዬ ነበር።»

ቄስ ቀለሙ አማተቡ። ሸህ አብዱልወሀብ ከዘራቸውን ይዘው ወደ ሁለቱ ዞሩ፤ እንደዚያ ሲቆጡ አይቻቸው አላውቅም። «እኔ ሽማግሌ ነኝ፤ ስለዚህ እቃ ምን አውቃለሁ? እናንተ ግን እያወቃችሁ እኔን አታለላችሁ! የዚያን ቀን ያደረግኩላችሁን ዱዓ አንስቻለሁ!»

ምንይሉ ሊንበረከክ ጎንበስ አለ። ረሂማ ግን ዞር ብላ እንኳ አላየችውም፤ የምታያቸው ሸህን ነበር።

«እነሱስ እሺ፣ ባላንጣ ናቸው፤ ተፈራርተው ዝም አሉ» አለች። «እኔ እኮ አልዋሸሁዎትም፣ ሸህ። ተነስቼ አይገጥምም ብዬ ነገርኩዎት። እኔን ያልሰሙኝ ለምንድን ነው?»

ዕድሜያቸውን ሙሉ ሰው ሲያስታርቁ የኖሩት ሽማግሌ ከዘራቸውን ተደግፈው፣ እርቁን ሳይፈጽሙ ከስቱዲዮዋ ወጡ።